በረዶ ሻጭ ወደ ንግድ ትምህርት ቤት፦ ከደወሌ እስከ ጅጅጋ

ከተመለስኩ ጀምሮ ኪዮስኬ ፊት ቆሞ «ጅጅጋ እንዴት ናት?» ሳይለኝ የሚያልፍ የለም። ለእያንዳንዱ ስመልስ በረዶው ይቀልጥብኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከደወሌ ወጥታችሁ የማታውቁ፣ ለመውጣትም ያላሰባችሁ፣ ጥላ ፈልጋችሁ አንብቡት።

ለማያውቁኝ፣ እኔ ሐያት ነኝ፤ ጉምሩኩ አጠገብ በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ የምሸጠው። ውሃ በላስቲክ ቋጥሬ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አስገባለሁ፤ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። ወረቀታቸው እስኪያልቅ የሚሰለፉት የጭነት መኪና ሾፌሮች ከእኔ ይገዛሉ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜያለሁ። ሰው የሚያውቀኝ ግን በዝምታዬ ነው። ዋጋ ሲጠይቁኝ እንኳ በጣቴ ነበር የማሳየው።

ወሬውን ያመጣችልኝ ሆዳን ናት። ሆዳን የጅጅጋ ጨርቅ ነጋዴ ስትሆን ዕቃ ከጅቡቲ ልታስገባ ድንበር በመጣች ቁጥር ከእኔ ውሃ ትጠጣለች። «ጅጅጋ ያለ አንድ የንግድ ትምህርት ቤት የሚነግዱ ሴቶችን ያለ ሰርተፍኬት ሊቀበል ነው» አለችኝ። «በየወሩ አንድ ሳምንት ብቻ ነው የምትማሪው፣ ኪዮስክሽን አትዘጊም። ግን ለዚህ ዙር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰርተፍኬት ይጠይቃሉ። ፈተናው ደግሞ በአፍ ነው፣ ቃለ መጠይቅ።»

በጽሑፍ ቢሆን አልፈራም ነበር። ሁለት በጋ ሙሉ ፍሪዘሬ እየተበላሸ፣ ብዙ እየሸጥኩ ምንም ሳይተርፈኝ ከርሜያለሁ። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው እፈልግ ነበር። ይህች በር ከተዘጋች ሌላ በር እንደሌለኝም አውቃለሁ። ግን ሦስት ሰው ፊት ተቀምጬ ስለራሴ ልናገር?

ያዘጋጀኝ ጉምሩክ የሚሠራው ጋሽ ደረጀ ነው። ከመሃል አገር ተመድቦ ከመጣ ቆይቷል፤ በብዙ ቃለ መጠይቅ አልፌያለሁ ይላል። መልሶቹን በድምፁ ቀድቶ ስልኬ ላይ ላከልኝ። «ስለራስሽ ንገሪን ካሉሽ፣ በቡድን ሥራ የማምን፣ ለውጥ የምወድ፣ ጫናን የምቋቋም፣ ተግባቢ ሰው ነኝ በይ። ድክመትሽ ምንድን ነው ካሉሽ፣ ሥራ ካልጨረስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም በይ።»

«ጋሽ ደረጀ፣ እኔ እኮ እንቅልፍ ይወስደኛል።»

«አንቺ ዝም ብለሽ በይ!»

ሰኞ፣ ከደወሌ ሽንሌ

አባቴ እንድሪስ ኪዮስኩን ተረከበ። የድሮው የባቡር ሠራተኛ ነው፤ ሾፌሮቹን ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ለሚያውቀው ሰው ደግሞ በነጻ መስጠት ይወዳል። «አባ፣ አደራ» አልኩት። «ሂጂ፣ ሂጂ» አለኝ፣ ለአንዱ በረዶ እያቀበለ።

የሄድኩት ወደ ድሬዳዋ በሚመለስ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። ሾፌሩ የአባቴ ወዳጅ ዑመር ነው። ከደወሌ እስከ አይሻ ያለውን መንገድ እናንተም ብታዩት አትደነቁም፤ የኛው ድንጋይ፣ የኛው ቁጥቋጦ፣ የኛው ነፋስ ነው። ልዩነቱ አስፋልቱ ነው፤ እንደ ታጠበ ሳህን ይለሰልሳል። እንዲህ በለሰለሰ መንገድ ላይ ጎማ ይፈነዳል ብሎ ማን ያስባል? አይሻን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ፈነዳ።

ዑመር ጎማ ሲቀይር እኔ በመኪናው ጥላ ተቀምጬ የጋሽ ደረጀን ድምፅ በጆሮዬ እየሰማሁ ከንፈሬን አንቀሳቅስ ነበር። «በቡድን ሥራ የማምን… ጫናን የምቋቋም…» ዑመር እጁን ጨርቅ ላይ ጠርጎ ትንሽ ቆም አለና፣

«አሚን!» አለ።

ስልኩን ከጆሮዬ አወረድኩ።

«ዱዓሽ ረዘመ እኮ፣ አባዮ። ለአንድ ጎማ ይህ ሁሉ?»

አባዮ ማለት በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው። ዱዓ ሳይሆን የፈተና መልስ እንደሆነ ለመንገር አፈርኩ፤ «አሚን» አልኩ። እስከ ሽንሌ ድረስ ዑመር ለመንገዱም፣ ለሚስቱም፣ ለግመሎቹም ዱዓ እንዳደርግለት ሲለምነኝ መጣ። አደረግኩለት።

በጎማው ምክንያት ሽንሌ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። እዚያ የአባቴ የሥራ ጓደኛ የነበረ ሰው ሚስት እማ ፋጡማ አለች። ባሏ ካረፈ ቆይቷል፤ ቤቷ ግን አሁንም በባቡር ሠራተኛ ቤት ወግ ነው፣ ሁሉ ነገር በሰዓቱ። ድሬዳዋ ሆቴል አድራለሁ ብዬ ሰላም ልላት ብቻ ነበር፤ ደጃፏን ገና ሳልረግጥ ያዘችኝ። «የእንድሪስ ልጅ ድሬዳዋ ሆቴል ልታድር? በኔ ላይ?» ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረበችልኝ፤ ሙዝም አለበት። እኛ ቤት ሙዙን በኋላ ለብቻው እንበላዋለን፤ እነሱ ከሩዙ ጋር አንድ ላይ ይጎርሱታል። ሞከርኩት፤ አሁን ቤቴም እንዲሁ ነው የምበላው።

ስንበላ አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ውሃ ጠጥቼ እጄን ከታጠብኩ በኋላ ነው ትራሷን አስተካክላ፣ ፊቷን ወደኔ አዙራ፣

«ወረን» ያለችኝ።

ይህ ቃል ደወሌ ውስጥም ይባላል፤ ሾፌሮቹ ሲገናኙ ይባባሉታል። «ወሬ ስጠኝ» ማለት ነው። ከመንገድ የመጣ ሰው ያየውንና የሰማውን ከመነሻው ጀምሮ ለአስተናጋጁ መንገር አለበት፤ ዝናቡን፣ ሣሩን፣ ገበያውን፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ። እኔ ግን ተጠይቄ አላውቅም ነበር። የትም የማልሄድ ሰው ማን ወረን ይለኛል?

«ሰላም ነው» አልኳት።

«ሰላሙንማ አየሁት፣ በእግርሽ መጥተሻል። ሌላስ?»

«ጎማ ፈነዳ።»

«የት?»

እንዲህ አንድ አንድ ቃል እየጎተተች አወጣችኝ፤ ጥርስ የምትነቅል ይመስል። ስተኛ አልቦኝ ነበር፤ የሽንሌ ሙቀት ግን ከኛ በምንም አይብስም።

ማክሰኞ፣ በድሬዳዋና በሐረር በኩል ጅጅጋ

ከሽንሌ ድሬዳዋ ቅርብ ነው። ከዚያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መኪናው ዳገቱን ሲጀምር አየሩ ተለወጠ። ደንገጎ ላይ ስንደርስ መስኮቱን ዝጉልን የሚሉ ሰዎች አየሁ። ደወሌ ውስጥ «መስኮት ዝጉ» የሚል ሰው ቢገኝ ታሟል ብለን ሐኪም ቤት እንወስደዋለን። እኔ የለበስኩት የኛን አገር ስስ ድሪያ ቀሚስ ነበር። ሐረርን ስናልፍ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር፤ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሳትጠይቀኝ የሻሿን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ።

ባቢሌ ላይ ሁሉም ሰው ኦቾሎኒ ገዛ፤ እኔም ገዛሁ። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የቆመበት ሸለቆ አለ፤ አንዱ ቢያስነጥስ የሚወድቅ ይመስላል። ሰዎች ከሩቅ አገር ድረስ መጥተው ፎቶ ያነሱታል ይባላል። እኔ ግን ፍተሻው ላይ መታወቂያዬን እንዳልረሳ እየተጨነቅኩ ስለነበር በደንብ አላየሁትም፤ ይቅርታ።

ካራማራ ተራራን ተሻግረን ስንወርድ ጅጅጋ በሜዳው ላይ ተዘርግታ ታየች። ሰፊ ናት። ደወሌን ብታስገቧት አንዱ ገበያ ጥግ ትቀመጥና ቦታ ይተርፋል። ሆዳን መናኸሪያ ጠበቀችኝ፤ ገና ከሩቁ ነው የምትጮኸው።

«አንቺ! ራቁትሽን ነው የመጣሽው? ጅጅጋ እኮ ነው፣ እሳት ውስጥ አይደለም!»

የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቤቷ ገብተን የባሏን ሹራብ አለበሰችኝ፤ በሻሂና በወተት አሞቀችኝ።

ረቡዕ፣ ከጅጅጋ ሐርተሼክ

ሌሊት ዘንቦ አደረ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ ጭቃው ጫማዬን ያዘና ማሰሪያው ተበጠሰ። እኛ ጭቃ አናውቅም፤ እኛ የምናውቀው አቧራ ነው፣ አቧራ ደግሞ ጫማ አይቀማም። አንዱን ጫማ በእጄ ይዤ እያነከስኩ በሩ ጋ ስደርስ ዘበኛው፣

«ለቃለ መጠይቅ ከሆነ ዓርብ ተመለሺ፣ እህቴ» አለኝ። «ከፈታኞቹ አንዷ መንገድ ላይ ናት።»

ሌላው ቢያዝን እኔ ደስ አለኝ። ሁለት ቀን ተጨማሪ ማጥኛ! ሆዳን ግን አታጠኚም አለች። «እናቴን ልጠይቅ ሐርተሼክ እሄዳለሁ፤ አንቺም ትሄጂያለሽ። እዚህ ብቻሽን ተቀምጠሽ ከንፈርሽን ስታንቀሳቅሺ የሚያይሽ ጎረቤት ምን ይለኛል?» የራሷን ጫማ አጫማችኝ፤ ስለሚሰፋኝ ፊቱን በቁራጭ ጨርቅ ጠቀጠቅነው። ስራመድ ጧ፣ ጧ ይላል።

ሐርተሼክ ወደ ምሥራቅ ነው። መንገዱ ሜዳ፣ ሜዳ፣ ሜዳ፤ ግመል ከሩቅ ሲታይ መርከብ ይመስላል። ሆዳን አንድ ባዶ ሜዳ አሳየችኝ። ድሮ የስደተኞች ሰፈር እዚህ ነበር፤ ሰዉ ከከተማ ይበዛ ነበር አለችኝ። አሁን ያየሁት ሣርና ጥቂት ፍየል ብቻ ነው። የሚጠጣው ውሃ ብርካ ከሚባል በሲሚንቶ ከተሠራ ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ የዝናብ ውሃ ይጠራቀምበታል። እኔ ውሃ አቀዝቅዤ እሸጣለሁ፤ እዚህ ውሃ ራሱ መኖሩ ያስደስታል።

የሆዳን እናት አየዮ ነው የምትባለው፤ አያት ማለት ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይላታል። የግመል ወተት በትልቅ ጣሳ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ሳስቀምጥ ገና አፌን ሳልጠርግ፣

«ወረን» አለችኝ።

ሆዳን ጣልቃ ገባች። «ሆዮ» አለች እናቷን፣ «ይህች ልጅ ዓርብ ፈተና አለባት። ስለራስሽ ተናገሪ ይሏታል። እስቲ እንዳጠናችው ታሰማሽ።»

የጋሽ ደረጀን መልስ ወደ ሶማልኛ እየመለስኩ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ተናገርኩ። አየዮ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«በቡድን ሥራ የምታምኚው፣ ቡድንሽ የት አለ? ከማን ጋር ነው የምትሠሪው?»

«ከማንም። አባቴ አንዳንዴ ያግዘኛል።»

«ጫና የምትቋቋሚው ምን ተሸክመሽ ነው?»

«በረዶ» አልኩ። ሆዳን ሳቋ አምልጧት ሻሂዋን አፈሰሰች።

አየዮ ግን አልሳቀችም። «ይህ የማን ወሬ ነው?»

«የጋሽ ደረጀ።»

«እሱ ራሱ ይምጣና ይንገረኝ። አንቺ ከየት ነው የተነሳሽው?»

«ከደወሌ።»

«ደወሌ ስትነሺ ምን አየሽ? ከዚያ ጀምሪ። ያላየሽውን አትንገሪኝ። ያየሽውን ደግሞ አታስቀሪብኝ።» ትራሷ ላይ ደገፍ አለች። «እኔ ጊዜ አለኝ።»

ጀመርኩ። ስለ መኪኖቹ ሰልፍ ተናገርኩ። አየዮ በየመሃሉ «ሃየ» ትላለች፤ እየሰማሁሽ ነው፣ ቀጥይ ማለት ነው። «ሃየ» ባለች ቁጥር አንድ ነገር ይታወሰኛል። ሰልፉ ሲረዝም በረዶ እንደሚያልቅብኝ፣ ሰልፉ ሲያጥር እንደሚቀልጥብኝ፣ መብራት ሲጠፋ ማታ ፍሪዘሩን በብርድ ልብስ እንደምሸፍን። የዑመርን ዱዓ ስነግራት ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጣ ሳቀች። ራሷም በስደተኞቹ ጊዜ ወተት ትሸጥ እንደነበር፣ የትኛው ሰልፍ ላይ መቆም እንደሚያዋጣ ነገረችኝ። ጨርሼ ቀና ስል ጎረቤቶች ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ይሰሙኝ ነበር። መቼ እንደገቡ አላየሁም።

ሐሙስ፣ ተመልሼ ጅጅጋ

ሐሙስ የሚነገር ብዙ ነገር የለውም። የተሳፈርንበት መኪና በፍየል ተሞላ፤ አንዷ የሹራቡን እጅጌ በላችው። አባቴ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሆዳን ስትጠይቅ ደወሌ መብራት ከጠፋ ሁለት ቀኑ እንደሆነ ሰማች። በረዶዬን አሰብኩ። ሆዳን ፓስታ ሠራችልኝ፤ አልወርድ አለኝ። የጋሽ ደረጀን ድምፅ አልከፈትኩም፤ ግን አላጠፋሁትም። ማን ያውቃል ብዬ።

ዓርብ፣ ጅጅጋ

ከእኔ በፊት የነበሩት ሴቶች ቦርሳ ይዘዋል፣ ሽቶ ተቀብተዋል፣ እርስ በርስ ያወራሉ። እኔ እግሬን ወንበር ሥር ደብቄያለሁ። ስጠራ ተነስቼ ስሄድ ያ ጫማ በጸጥታው ውስጥ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ክፍል አይቼ አላውቅም።

ሦስት ናቸው። መሃል ላይ መነጽር ያደረገች ሴት፣ በአንድ በኩል ጺማም ሰው፣ በሌላ በኩል ላፕቶፕ የከፈተ ወጣት አስተማሪ።

«እንኳን ደህና መጣሽ። ስለራስሽ ንገሪን» አለች ሴትዮዋ።

አየዮ ከጭንቅላቴ በነነች። አፌ በራሱ ጊዜ፣ «በቡድን ሥራ የማምን፣ ለውጥ የምወድ፣ ጫናን የምቋቋም…» አለና ቆመ።

«…ተግባቢ ሰው ነኝ» ብሎ ወጣቱ ጨረሰልኝ፣ ቀና ሳይል። ከእኔ በፊት የገቡትም ይህንኑ ብለው ኖሯል። ለካ በየከተማው አንድ ጋሽ ደረጀ አለ።

ጺማሙ ሰው ሰዓቱን አየ። በሩ ከጀርባዬ እንደሆነ፣ ብነሳ ማንም እንደማይዘኝ አሰብኩ። ከዚያ ግን መብራት የሌለባት ደወሌ፣ በውሃ የተሞላው ፍሪዘሬና ከጎኑ የቆመው አባቴ ፊቴ ላይ መጡ። እንዲሁ ልመለስ?

«ይቅርታ፣ እንደገና ብጀምር ይቻላል?» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ።

ሴትዮዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይቻላል።»

«ከደወሌ ነው የመጣሁት። ሰኞ ስነሳ የመኪናው ሰልፍ ከጉምሩኩ እስከ መስጊዱ ደርሶ ነበር…»

ከዚያ ወዲያ ያቆመኝ የለም። ሾፌሮች ጠዋት በረዶ፣ ከሰዓት ውሃ ለምን እንደሚመርጡ፤ መርከብ በብዛት ጅቡቲ በደረሰበት ሳምንት ሰልፉ ምን እንደሚመስል፤ አሁን እዚህ ተቀምጬ ሳወራ በረዶዬ እየቀለጠ እንደሆነ፤ ሁሉንም ከመነሻው። ከመሃል ሴትዮዋ «ሃየ» አለች። እሷም እንደ አየዮ ናት ለካ! ወጣቱ ላፕቶፑን ገፋ አድርጎ አገጩን በእጁ ደገፈ።

«አባትሽ ኪዮስኩ ላይ ሲቆም ስንት ትከፍዪዋለሽ?» አለ ጺማሙ።

«አባቴ ነው እኮ። ምንም።»

«እሱ ባይኖርና ሰው ብትቀጥሪስ? አሁን ያተረፍሽ የሚመስልሽ ጥቂቱም የእሱ ድካም ቢሆንስ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ሁለት በጋ ሙሉ ስፈልገው የነበረው ነገር ጫፉ የተያዘልኝ መሰለኝ። «አላውቅም» አልኩ። «አስቤውም አላውቅም። የመጣሁት እሱን ለማወቅ ነው።»

ወጣቱ ፈገግ ብሎ፣ «የመጨረሻ ጥያቄ። ድክመትሽ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ።»

ሦስቱም አንድ ላይ ሳቁ። ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች። «እህቴ፣ ከአንቺ በኋላ ያሉት እኮ ደጅ ላይ ሊያረጁ ነው!»

ከጁምዓ ሰላት በፊት በተራ እያስገቡ ነገሩን። እኔን ሲጠሩኝ ሴትዮዋ ብቻ ነበረች ቆማ የጠበቀችኝ። «በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እንጠብቅሻለን» አለችኝ። «ሹራብ ይዘሽ ነይ።»

ሆዳን በሩ ጋ ነበረች። ፊቴን አይታ እልል አለች፤ ዘበኛውም አጨበጨበ። ያን ቀን ምሳ ምን እንደበላሁ ብትጠይቁኝ አላስታውስም።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

የአባቴ ስልክ ዓርብ ሙሉ ዝግ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባሱ ካራማራን ሲወጣ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ስልኬ ጠራ። መብራት መጥቷል ማለት ነው። በእሱ በኩል የጭነት መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ በእኔ በኩል ዳገቱ ያጓራል።

«አባ! ትምህርት ቤቱ ተቀበለኝ!»

«ሐያትዬ? አይሰማም!»

ቆሜ የፊቱን ወንበር ይዤ ጮህኩ። «አለፍኩ! ተቀበሉኝ! በሚቀጥለው ወር እጀምራለሁ!»

ከፊቴ ያሉት ሁሉ ዞሩ። አንዲት እናት «እንኳን ደስ አለሽ!» አለች፤ ከኋላ ጭብጨባ ተነሳ፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ረዘም አድርጎ ነፋልኝ። አልተቀመጥኩም።

«አንቺ ነሽ እንዲህ የምትጮኺው?» አለኝ አባቴ።

«እኔ ነኝ፣ አባ» አልኩት። «እኔ ነኝ!»